22 መጽሐፍ በ440 ብር፤ የጥያቄ ጥራዙ ግን ይቅርባችሁ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡና የሚያከራዩ አንድ አዛውንት አሉ። ቅሬታም ስላለኝ የሱቃቸውን ስም አልጠራም፤ መጽሐፍ ፍለጋ የሚዞር መምህር ግን አያጣቸውም። አንድን የልጆች ልቦለድ በብዛት ሰብስበው ለመምህራን ያከራያሉ። እኔ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ 44 ተማሪዎች አሉኝ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት እንዲደርሳቸው ብዬ 22 ቅጂ ለአንድ ወር ተከራየሁ። የአንዱ ኪራይ 20 ብር ነው፤ ድምሩ 440 ብር፣ ከዚያ ላይ የሚመለስ 2,000 ብር መያዣ። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

መጽሐፉ 96 ገጽ ነው፤ የጠፋች ፍየሉን ፍለጋ ከቤት የወጣ ልጅ ታሪክ። ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ምዕራፎቹም አጫጭር ስለሆኑ አንዱ ምዕራፍ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ተነብቦ ለጨዋታም ጊዜ ይተርፋል። አዛውንቱ መምረጥ ያውቃሉ።

ችግሩ የመጣው «ይህም ያስፈልግሻል ልጄ» ብለው በ150 ብር ከሸጡልኝ የጥያቄ ጥራዝ ጋር ነው። በየምዕራፉ 15 ጥያቄ አለው። «ልጁ ስንት ፍየሎች ነበሩት?» «የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ጻፉ።» የመጀመሪያውን ሳምንት ጥራዙ እንዳዘዘኝ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን «መጽሐፋችሁን አውጡ» ስል ክፍሉ በሙሉ በረጅሙ ተነፈሰ። ልጆቹ ታሪኩን ትተው መልስ ፍለጋ ገጽ ያገላብጡ ነበር። ይባስ ብሎ ከኋላ የታተመው መልስ ለልጁ ዱላውን የሰጠው አጎቱ ነው ይላል፤ በመጽሐፉ ግን አያቱ ናቸው። ያዘጋጀው ሰው መጽሐፉን ያነበበው አይመስለኝም።

ጥራዙን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ እኔው ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ አቆምና ተራ የደረሰው ልጅ ይቀጥላል። አንድ ቀን ተረኛው «ፍየሏ ነገ ወንዙ ዳር ትበላለች» የሚለውን ሲያነብ «ትበላለች»ን አጠበቀው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ቲቸር፣ ሊያርዷት ነው?» አለች። ከኋላ አንዱ ብድግ ብሎ «የለም! ሣር ነው የምትበላው» አለና አላልቶ አነበበው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ አንዳቸውንም «ተሳስተሃል» ማለት አልቻልኩም። እጅ አውጡ አልኩ፤ 19 ለመታረድ፣ 25 ለሣር። ማስረጃ ካለፉት ገጾች አምጡ ስላቸው ያን ገጽ ማገላበጥ ብታዩት! አንዷ አጎትየው ቢላዋ ሲስል ገጽ 31 ላይ አገኘችው። በቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚናገር ተማሪ ደግሞ «እኛ ሲጠብቅ ፊደሉን ሁለት ጊዜ እንጽፋለን፤ አማርኛ ለምን ይደብቃል?» ብሎ መልስ አሳጣኝ። ደወሉ ተደውሎ ከወንበሩ የተነሣ አልነበረም። ከ15ቱ ጥያቄዎች አንዱም ወደዚህች ቃል ዝር አላለም።

የወንዙን ምዕራፍ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወስጄ ላነብላቸውም ሞክሬ ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ ማን እኔን ይስማ! ይህኛው ሞኝነት የራሴ ነው፤ ሱቁን አይመለከትም።

ሱቁን የሚመለከተው ይህ ነው፦ ከ22ቱ ቅጂዎች ሦስቱ ከገጽ 49 እስከ 64 የላቸውም። መጽሐፉ በ16 በ16 ገጽ ታጥፎ የተሰፋ ስለሆነ አንዱ እጥፋት እንዳለ ወልቋል። ያወቅሁት ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ «የእኛ ይዘላል!» ብለው ሲጮኹ ነው። በማግስቱ የጎደለውን ከሌላው ቅጂ 24 ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ፤ አንዱ በ5 ብር፣ 120 ብር ሄደ። ለአዛውንቱ ስነግራቸው «ጋሼ፣ ሳያዩ ነው የሰጡኝ» አልኳቸው እንጂ አልተቆጣሁም። ከኪራዩ 60 ብር ቀነሱልኝ፤ ቀሪውን «አንቺም ቆጥረሽ መረከብ ነበረብሽ» ብለው ለእኔ ተዉት። መያዣዬን ግን አንድ ብር ሳያጎድሉ መልሰዋል።

ለሚቀጥለው መንፈቅ ሌላ መጽሐፍ ከእርሳቸው እከራያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እያንዳንዱን ገጽ ቆጥሬ። የመለስኳቸውን ሦስት ጎዶሎዎች የውስጥ ሽፋን ላይ «ከ49 እስከ 64 የለም» ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ። አዛውንቱ አይተው ላጲስ ካላነሡ ከእኔ በኋላ የምትከራዩ ታገኙታላችሁ።