መርፌ፣ የክንድ ወይስ ሉፕ? የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለምትወስጂ እህቴ

የወሊድ መቆጣጠሪያ ከመምረጥሽ በፊት የመድኃኒት ብልቃጥሽን አንብቢ። ሰው እንዳያይብሽ ወረቀቱን ልጠሽ ጥለሽው ከሆነ ስሙን መድኃኒት የሚሰጡሽን ጠይቂ። ቫይረሱ በራሱ ከሦስቱም አይከለክልሽም። ልዩነት የሚያመጣው መድኃኒቱ ነው።

በክንድ የሚቀበረው የክብሪት እንጨት የሚያህል ዘንግ ነው። ኢምፕላኖን አንድ ነው፣ 3 ዓመት ያገለግላል። ጃዴል ሁለት ናቸው፣ 5 ዓመት። አስቀብረሽ ትረሺዋለሽ፤ አስተማማኝነቱም ከሁሉም ይበልጣል። ብልቃጥሽ ኢፋቪሬንዝ ካለው ግን ቆም በዪ። ኢፋቪሬንዝ ከዘንጉ የሚወጣው እርግዝና የሚከላከል ሆርሞን ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የካምፓላ ጥናት ላይ፣ ኢፋቪሬንዝ እየወሰዱ ጃዴል ካስቀበሩ 20 ሴቶች 3ቱ ዓመት ሳይሞላቸው አርግዘዋል። ከ20 ሦስት! ዶሉቴግራቪር ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት እሱን ነው። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም የክንዱን ያዳክማል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሉንም እንዲሁ፤ እንክብል ደግሞ ከተረሳ ያሰጋል።

መርፌውን (ዴፖ) ኢፋቪሬንዝ አያዳክመውም። ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም፤ ማንም አያውቅብሽም። ድካሙ ቀጠሮው ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትሽን በ6 ወር አንዴ የምትወስጂ ከሆነ፣ ለመርፌው ብቻ በየ3 ወሩ መመላለስ ይመጣል። ካቆምሽውም በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። በቅርብ ልጅ ካሰብሽ አልመክርሽም።

ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ስለዚህ ከየትኛውም መድኃኒትሽ ጋር አይጋጭም። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። የወር አበባ ያበዛል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁርጠት አለው። ደም ማነስ ካለብሽ ይህን አስቀድመሽ ተናገሪ። በጠና ታምመሽ መድኃኒት ካልጀመርሽ መጀመሪያ ጤናሽ ይመለስ። መድኃኒቷ እየተቀያየረ ለተቸገረች ሴት ግን እኔ የምመርጠው ሉፕን ነው።

የትኛውንም ያዢ፣ ኮንዶም አይቅር። ከአባላዘር በሽታ ሦስቱም አይከላከሉም።

ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉና መድኃኒት የምትወስጂበት ክፍል ለየብቻ ናቸው። መርፌ የምትወጋሽ ነርስ ምን እንደምትውጪ ላታውቅ ትችላለች። ወረፋ የያዙት እየሰሙ መናገር ከከበደሽ፣ በሩ ሲዘጋ ብልቃጡን ከቦርሳሽ አውጥተሽ አሳያት።