ለሃሎዊን የገዛሁት የስፓይሲ ማርጋሪታ ሚክስ፣ ከ5 ኮከብ 2ቱን ብቻ

ሃሎዊን ማታ አስር ሰው ቤቴ ይመጣ ነበርና በመጠጡ ጊዜ እንዳላጠፋ ብዬ ያንን "ቴኪላ ብቻ ጨምሩበት" የሚለውን ዝግጁ የስፓይሲ ማርጋሪታ ሚክስ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ (ማርጋሪታ ከቴኪላና ከሎሚ የሚሰራ ኮክቴል ነው፣ ስፓይሲው ቃሪያ ያለበት)። የማን ምርት እንደሆነ ይቅር፣ ዋናው ጀርባው ላይ የተጻፈው ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ስኳር፣ ከዛ ሲትሪክ አሲድ፣ የሎሚው ጭማቂ መጨረሻ አካባቢ ነው የመጣው፣ ቃሪያ ደግሞ በስሙ የለም፣ "ፍሌቨር" ነው የሚለው። ይሄን ከመግዛቴ በፊት ማንበብ ነበረብኝ፣ እናንተ አንብቡ።

እንግዶቹ ሊመጡ ሶስት ሰዓት ሲቀራቸው አንድ ብርጭቆ ሰርቼ ቀመስኩት። መጀመሪያ ስኳሩ አፍ ይሞላል፣ ከዛ ምንም፣ ከዛ ስትውጡት ጉሮሮን ብቻ ይለበልባል። የቃሪያ ሽታ የለው፣ ያ ትኩስ አረንጓዴ ጣዕም የለው፣ ማቃጠል ብቻ። ለኔ ስፓይሲ ኮክቴል ማለት ቃሪያው መጀመሪያ በአፍንጫ የሚመጣ፣ ከሎሚው ጋር ምላስ ላይ የሚጫወት፣ ሁለተኛ ልጎንጭ የሚያሰኝ ነው እንጂ ሚጠጣውን ሰው የሚያስለው አይደለም። 2 ኮከብ የሰጠሁት ጨዋማነቱ ጥሩ ስለሆነና ሎሚ ሲጨመርበት ትንሽ ስለሚሻሻል ነው፣ ገዝታችሁ ከሆነ አትድፉት፣ አዲስ የተጨመቀ ሎሚ በደንብ ጨምሩበት።

እኔ ግን ለእንግዳ አላቀርበውም ብዬ ተውኩትና ቃሪያውን ቀጥታ ቴኪላው ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ እና እውነቱን ለመናገር ከሚክሱ ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው ስራ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነው። ካፕሳይሲን፣ ማለትም ቃሪያን የሚያቃጥለው ነገር፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል፣ ስለዚ 40 ፐርሰንት የሆነ ቴኪላ ቶሎ ይስበዋል። 750 ሚሊ ሊትር ቴኪላ ውስጥ ሁለት ጃላፔኞ (የሜክሲኮ አረንጓዴ ቃሪያ) ቆርጬ ከተትኩ፣ የአንዱን ውስጡን ያለውን ነጩን ክር አወጣሁ የሌላኛውን ተውኩት። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ይላል፣ ግን ካፕሳይሲኑ በብዛት ያለው ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ክፍል ላይ ነው። በየ10 ደቂቃው እየቀመስኩ 30 ደቂቃ ላይ አጠለልኩት። ሰዓት ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ጃላፔኞ በስኮቪል፣ ማለትም የቃሪያ ማቃጠል በሚለካበት መለኪያ፣ ከ2,500 እስከ 8,000 ድረስ ይለያያል፣ አንዱ ለስላሳ ሌላው እሳት ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ካሳደራችሁት ደግሞ አቃጣይነቱ ብቻ ሳይሆን የሳር የሳር የሚል ጣዕም ይመጣል።

ሃባኔሮ የሚባለውን ቃሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም፣ በስኮቪል ከ100,000 በላይ ነው።

ቴኪላው ጠርሙስ ላይ 100 ፐርሰንት አጋቬ (ቴኪላ የሚሰራበት ተክል) የሚል ፈልጉ። እሱ ካልተጻፈ በሜክሲኮ ህግ እስከ 49 ፐርሰንት የሚሆነው ስኳር ከአጋቬ ውጪ ሊመጣ ይችላል፣ ልዩነቱ ደግሞ ይታወቃል። ብላንኮ (በርሜል ውስጥ ብዙም ያልቆየ ነጭ ቴኪላ) ነው ሚሻለው፣ ሬፖሳዶ ቢያንስ 2 ወር በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ የእንጨቱ ጣዕም ከቃሪያው ጋር ይጋፋል።

ልኬቱ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ቴኪላ፣ 30 ሎሚ፣ 20 የአጋቬ ሽሮፕ ነው። ለአስር ሰው በአንድ ጆግ አደረኩት፣ 600፣ 300፣ 200፣ እና 200 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃውን አትዝለሉት! ሼከር ውስጥ ከበረዶ ጋር ሲመታ የሚቀልጠው በረዶ ነው መጠጡን የሚያለሰልሰው፣ በጆግ ሲሰራ ያ ስለሌለ ውሃው ካልገባ በጣም ይከብዳል። ከዛ ፍሪጅ።

ለሃሎዊን መልክ ያደረኩት የሮማን ጭማቂ ነው፣ ብርጭቆው ውስጥ በረዶው ላይ በቀስታ ሲፈስ ደም ይመስላል፣ በቃ አሪፍ ነው። በአክቲቬትድ ቻርኮል (በተለየ መንገድ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት) የሚያጠቁሩት አሉ፣ እኔ ግን ለእንግዳ አላደርገውም ምክንያቱም ሰው የዋጠውን መድሃኒት ሰውነት እንዳያገኘው ሊይዘው ይችላል፣ የወሊድ መከላከያ ጭምር፣ ማን ምን እንደሚወስድ ደግሞ አይታወቅም። ጭስ የሚያወጣውን ደረቅ በረዶም (ጠጣር የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ብርጭቆ ውስጥ አትክተቱ፣ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፣ ቢዋጥ አደጋ ነው፣ ጆጉን ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣችሁ ደረቁን በረዶ ዙሪያው አድርጉት፣ መስኮት ከፈት አድርጋችሁ።

አንድ ያረካኝ ግዢ ግን አለ፣ ታሂን። የቃሪያ፣ የሎሚና የባህር ጨው ዱቄት ነው፣ የብርጭቆውን ጠርዝ ሎሚ ቀብታችሁ ግማሹን ብቻ ታሂኑን አስነኩት፣ ግማሹን ያልኩት ጨው የማይፈልግ ሰው በሌላኛው በኩል እንዲጠጣ ነው። ለሱ 5 ኮከብ።

እና ደግሞ እባካችሁ ቃሪያውን በጓንት ቁረጡ፣ በተለይ ሃሎዊን ስለሆነ፣ ሰው ፊቱን ይቀባል፣ ባለቀለም ሌንስ አይኑ ውስጥ ያስገባል፣ ቃሪያ በነካ እጅ ሌንስ ማስገባት ማለት ማታው አበቃ ማለት ነው። ጓንት ከሌላችሁ ሜካፑን መጀመሪያ ጨርሱና ቃሪያውን ኋላ ቁረጡ። የተረፈውን ቴኪላ ጠርሙሱ ላይ "ቃሪያ አለበት" ብላችሁ ጻፉበት፣ በማግስቱ ከሌላው ጋር እንዳይምታታ።