ለግቢያችን ልጆች ቲቸር ምስጋና፣ ልጅ ላላችሁም ጥቆማ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጭንቁን ያውቀዋል። ውጭ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ ስልክ። ዘንድሮ ግን ሰሚት ያለው ግቢያችን ውስጥ ስልክ ስጡኝ የሚል ልጅ ጠፍቷል። (እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።) ይህን ያደረገችልን አንዲት የኬጂ አስተማሪ ናት። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏት፣ እኔም እንደዛው ልበላት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሙናሉ (የግቢው የጋራ ቤት) ጋ ትመጣለች። የምትይዘው አንድ ፌስታል ነው። ውስጡ መሀረብ፣ ጠመኔ፣ የሱዚ ላስቲክ፣ ለቅልብልቦሽ የተመረጡ ጠጠሮች። ስፒከር የለ፣ ፊኛ የለ። አምና ለልደት የጠራነው አዝናኝ ማይክ ይዞ ሲጮህ፣ ግማሾቹ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ነው የዋሉት። እሷ ጋ ግድግዳ የሚደገፍ ልጅ የለም። ለእኔ ትልቁ ችሎታዋ ይሄ ነው።

«መሀረቤን ያያችሁ»ን ታስታውሱታላችሁ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ መሀረቡን ይዞ ከኋላቸው ይዞራል። «መሀረቤን ያያችሁ?» ሲል «አላየንም ባካችሁ!» ይሉታል። መሀረቡ ከኋላው ተጥሎ ያልነቃ ልጅ መሀል ይገባል። በእኛ ጊዜ መሀል የገባ አለቀለት፣ ኩርፍ ብሎ መቀመጥ ነው። ቲቸር ግን መሀል የገባውን የዘፈን አውጪ ታደርገዋለች፤ እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አሁን ትንንሾቹ መሀል ለመግባት ብለው መሀረቡን እንዳላየ ያልፉታል።

ሰኞ ማክሰኞም ስታሰምር ሁለት ቦታ ነው። ትልልቆቹ በአንድ እግር፣ ሕፃናቱ ጠበብ ባለው ላይ በሁለት እግራቸው ይዘላሉ። ሱዚ «የሴት ጨዋታ ነው» ያሉትን ወንዶች ላስቲኩን እንዲይዙ አደረገቻቸው። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው «ተራ ስጡን» አሉ።

ሰው ፊት ትንፍሽ የማይል አንድ ልጅ አለን። አኩኩሉ ሲጫወቱ፣ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ሲል ለተደበቁት ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው። ሁሉም እስኪደበቅ «አልነጋም»፣ ከዚያ «ነጋ!»። መጀመሪያ መልሱን ለቲቸር በጆሮዋ ነበር የሚያንሾካሹክላት። አሁን «ነጋ!» ሲል አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ዝናብ ሲጥል ኮሙናሉ ውስጥ ገብተው እንቆቅልሽ ነው። መልስ ያጣ አገር ይሰጣል። ባለፈው ጎንደርም ጅማም ተሰጥተው አልቀው፣ አንዱ ጎረምሳ የራሳችንን ብሎክ ሰጠ። ተቀባይዋ «አሳንሰር የለውም፣ አልፈልግም» አለች።

ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር፣ ሰዓት ላይ ቆፍጣና ናት። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ ዙሩ እስኪያልቅ ይቆማል። ብቻዋን ስትሆን ከሃያ ልጅ በላይም አትቀበልም። ሲታሰብ ግን ትክክል ናት።

እኛ በየቤቱ አዋጥተን ነው የምንከፍላት። ልደትም ትሠራለች፣ ሰርግ ላይ ልጅ ለሚያስቸግራችሁም ትሆናለች። ስልኳን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የምትገኘው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ፈጠን በሉ።