አዳማ ላይ ሽንት ቤት ማስጠገንና ማስገጠም፦ የሰፈር ቧንቧ ሰራተኞች ሲገመገሙ

አዳማ ውስጥ ቧንቧ ሰራተኛ ማግኘት ቀላል ነው። ፍራንኮም ሆነ ቦሌ ሰፈር፣ የሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ «የሚገጥም ሰው አለ?» ካላችሁ ባለሱቁ ስልክ ይደውላል፤ ሰውየውም ቦርሳውን አንጠልጥሎ በባጃጅ ከች ይላል። ፍጥነታቸው የሚያስመሰግን ነው። ስራቸውን ግን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይሻላል፤ ጥገናው ደህና ነው፣ አዲስ ገጠማው ግን አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ሽንት ቤት ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መቀመጫው ሳይሆን ታንኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፦ ውሃ የሚያስገባው ፍሎተርና ታች ያለው የመልቀቂያ ጎማ። የከተማው ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ መስመሩ ባዶ ይቆይና ውሃው ሲመለስ ቱቦ ውስጥ የተኛውን ደለልና ዝገት ጠርጎ ያመጣል። ይሄ ቆሻሻ ፍሎተሩ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይዘጋታል። ታንኩ ለመሙላት ሩብ ሰዓት ከፈጀ አንግል ቫልቩን (ግድግዳው ላይ ያለችውን የውሃ መዝጊያ) ዘግቶ፣ ፍሌክሲብሉን (ከመዝጊያዋ ወደ ታንኩ የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ) ፈትቶ፣ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ጎበዝ ሰራተኛ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ክዳኑን ሳያነሳ «ፍሎተሩ አልቋል፣ አዲስ ይገዛ» ያለውን ሸኙት።

ውሃው ያለማቋረጥ ወደ መቀመጫው የሚወርድ ከሆነ ክዳኑን አንሱና ትርፍ ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ እዩ። ውሃው አፉ ድረስ ከደረሰ ጥፋቱ የፍሎተሩ ነው፤ ከቱቦው አፍ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲዘጋ ይስተካከላል። ካልደረሰ ጎማው ይጠረጠራል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ አንድ ብርጭቆ ታንኩ ውስጥ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ሳትለቁ ቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ያስተላልፋል። እዚህ ላይ የሰፈሮቹ ሰራተኞች ጎበዞች ናቸው፤ አሮጌውን ጎማ ይዘው ሱቅ ሄደው በልኩ ያመጣሉ። ባለ ሁለት ኢንችና ባለ ሦስት ኢንች ስላለ በግምት የተገዛ ጎማ አይዘጋም። አብዛኞቹ የሚዘሉት ጎማው የሚያርፍበትን አፍ ማጽዳት ነው፤ ደለል ከተጋገረበት አዲሱም ጎማ ያፈሳል።

ውሃው ከሮቶ የሚወርድ ቤት ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ነው፤ ሮቶው ከታንኩ ሦስት ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ብቻ ይገኛል። አንዳንዱ ዘመናዊ ፍሎተር 0.5 ባርና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ በዚህ ግፊት ይንጠባጠባል እንጂ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ፤ ሰራተኛው ይሄን ይነግረኛል ብላችሁም አትጠብቁ።

ወደ ገጠማው ስንመጣ ስህተቱ የሚጀምረው ከግዢው ነው። የመቀመጫው መውጫ ወደ ግድግዳ ከሆነ ፒ ትራፕ፣ ወደ ወለል ከሆነ ኤስ ትራፕ ነው፤ የቤታችሁ ቱቦ በየት በኩል እንደወጣ ሳታዩ ሱቅ አትሂዱ። ለኤስ ትራፕ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሀል ያለው ርቀት ይለካል፣ ያውም ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ። ሴራሚኩና ማጣበቂያው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስለሚበሉ፣ ገና በባዶ ግድግዳ ከተለካ ታንኩ ግድግዳውን ገፍቶ አልገባ ይላል። መፍትሔ ብለው የሚያመጡት ተጣጣፊ ባለ እጥፋት ቱቦ ቆሻሻ እጥፋቱ ውስጥ ይይዛል፤ እምቢ በሉ።

የፍሳሽ ቱቦው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማዘቅዘቅ አለበት። ይሄን በዓይን ሳይሆን በውሃ ልክ ያሳዩዋችሁ። መታጠፊያ ላይ በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ፈንታ ሁለት ባለ 45 ይሻላል፣ አይዘጋም። ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦም ያስፈልጋል፤ ከሌለ አንዱ ጋ ውሃ ሲለቀቅ የሌላውን መከላከያ ውሃ (መታጠፊያው ውስጥ ቆሞ ሽታ የሚያግደውን) መጦ ይወስደዋል፣ ሽታውም ቤት ይገባል። «ጠረን ማጥፊያ ርጩበት» የሚሏችሁ ለዚህ ነው።

ትልቁ ቅሬታ ሲሚንቶ ነው። መቀመጫውን በሲሚንቶ ካልተከሉ ያልሰሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «ማዘር፣ ሲሚንቶ ከያዘው ንቅንቅ አይልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለጥገና መነሳት ሲኖርበትም ንቅንቅ አይልም፣ በመዶሻ ተሰብሮ ይወጣል። ከስር የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የታች ቤት ጣሪያ እስኪረጥብ ድረስ አይታወቅም። ትክክለኛው አሰራር ቀዳዳውን ሴራሚኩ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ድሪሉን ያለ መዶሻ ምት አስጀምሮ መብሳት፣ ፊሸር (ብሎኑ የሚነክሰውን ፕላስቲክ) መክተት፣ ከዚያ ብሎኑን ከፕላስቲክ ሮንዴላ (ከስሩ ከሚገባው ቀለበት) ጋር ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን መቀመጫውን ይሰነጥቀዋል። ዙሪያውን ሲልከን ይቀባል፤ ከኋላ በኩል አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው፣ ቢያፈስ በዚያ ይታያል። ሲልከኑ እስኪደርቅ 24 ሰዓት መታገስ ነው።

ሲልከን ከመቀባቱ በፊት ግን ሙከራ። ሁለት ባልዲ ውሃ በተከታታይ ይደፋ፤ አንድ ሰው ማንሆሉ ጋ ቆሞ ሳይዘገይ መድረሱን ይይ። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ መልቀቅና ደረቅ ሶፍት በየመጋጠሚያው ማስጠጋት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ያፈሳል። ፍሌክሲብሉ የራሱ ጎማ ስላለው ቴፍሎን (ነጩ መጠምጠሚያ ቴፕ) አይፈልግም፤ ቴፍሎን የሚጠመጠመው ግድግዳ ውስጥ በሚገባው የአንግል ቫልቩ ጥርስ ላይ ነው።

የእጅ ዋጋ እዚህ ብንጽፍ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። በቀን ሳይሆን በኮንትራት ተነጋገሩ፤ አሮጌውን መንቀልና ግድግዳ መጠገን ዋጋው ውስጥ መኖሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዕቃውን አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የመጨረሻው ክፍያ ከሙከራው በኋላ ይሁን። ሲጠሩ ተመልሰው በመምጣት ግን አይታሙም፤ ስማቸው በሰፈር ስለሚዞር ለሚያፈስ ጎማ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ይመጣሉ።

ለጥገና ከ5 4፣ ለገጠማ ከ5 3 ሰጥተናል። የተረፈው ቱቦና ጎሚቶ በእናንተ ብር የተገዛ ነው፤ ከቦርሳው ጋር አብሮ እንዳይወጣ።