ቫራናሲ ወይስ ፎርት ኮቺ?

ህንድ ሄዶ ሳይጣደፉ የአገሬውን ምግብ እየበሉ ለመሰንበት ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት ያለችው የኮቺ ከተማ አሮጌው ሰፈር ፎርት ኮቺ ነው። በሰሜን ህንድ ያለችውን ቫራናሲንም ግን በጣም እወዳታለሁ።

የቫራናሲ ውበቷ ጠዋት ነው። ሰው ጋንጀስ ወርዶ ይታጠባል፣ ይጸልያል፤ እናንተ ወንዙ ዳር ባለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላችሁ በሸክላ ስኒ ሻይ እየጠጣችሁ ፀሐይ ከማዶ ስትወጣ ታያላችሁ። ቁርስ ትኩስ ካቾሪ (ውስጡ ተሞልቶ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ) ከድንች ወጥ ጋር። በብርዱ ወራት ደግሞ ማላዮ የሚባል የወተት አረፋ አለ፣ እንዳያመልጣችሁ። ችግሩ ግርግሩ ነው። ጠባቦቹ መንገዶች በሞተር ሳይክል፣ በላምና በደላላ ይጨናነቃሉ።

ኮቺ ስትደርሱ ግን ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ባሕሩ ዳር ትልልቆቹ የቻይና መረቦች ከውኃ ሲወጡ እያያችሁ ግማሽ ቀን ቢያልፍ አይቆጫችሁም፣ ሲመሽ በጀልባ ከማዶ ወዳለው የከተማው ክፍል፣ ወደ ኤርናኩላም መሻገር ነው። ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገረው አፓም ጠርዙ ስስ፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፤ በኮኮናት ወተት ከተሠራ የዓሣ ወጥ ጋር ሲቀርብ፣ በቃ፣ ሌላ አያስመኝም።

ለጾመኛ ልዩነቱ ይሰፋል። ቫራናሲ ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል፣ ግን ቅቤ፣ ወተትና እርጎ ብዙው ውስጥ ይገባል። ኬረላ ውስጥ ኮኮናቱ ወተቱንም ዘይቱንም ስለሚተካ ይቀላል፤ ዶሳ (ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ) ስታዙ ብቻ «ያለ ቅቤ» በሉ። በነገራችን ላይ፣ ከኢትዮጵያ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ኬረላ ናት።

ለሁለቱም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ግንቦት ላይ ቫራናሲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሰኔ ላይ ኮቺን ዝናቡ ይይዛታል።