የሃያቡሳ ሱፐርቻርጀር ኪት፦ ካርቶኑ ውስጥ ያለውና የሌለው

ፍርዴን ላስቀድም። ኪቱ፣ ማለትም ሃያቡሳ ሞተርሳይክል ላይ የሚገጠመው ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ከነመለዋወጫው፣ ጥሩ ነው፤ ብትገዙት አይቆጫችሁም። ሞተሩን ፈትቶ መልሶ ለመሥራት ያልተዘጋጀ ሰው ግን ባይገዛው ይሻለዋል። ሻጮቹ «ሞተሩን ሳትነኩ ይገጠማል» ይላሉ። መገጠሙስ ይገጠማል። ጥያቄው ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው።

የገጠምኩት የመጀመሪያው ሱዙኪ ሃያቡሳ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ባለ 1299 ሲሲ። ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን እመርጣለሁ። የ2008ቱ ወደ 1340 ሲሲ አድጓል፤ ኮምፕሬሽኑም (ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው) ከ11 ለ 1 ወደ 12.5 ለ 1 ከፍ ብሏል። ያለ ሱፐርቻርጀር ለሚነዳ ሰው ይሄ ደስ ይላል። አየር በግድ ልናጎርሰው ለምናስብ ሰዎች ግን ከዝቅተኛው መነሳት ነው የሚያዋጣው።

የኪቱ ልብ የዴንማርኩ ሮትሬክስ የሚያመርተው ሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር ነው። ለዚህ ዕቃ ያለኝን አድናቆት አልደብቅም። ፑሌጃውን በጣታችሁ ትንሽ ስትገፉት ውስጥ ያለው ኢምፔለር (አየር ገፊው ክንፍ) ሽው ብሎ ብዙ ዙር ይዞራል። የጥርስ ድምፅ የለም፤ ጥርስ የለውማ። ፍጥነቱን የሚያበዙት እርስ በርስ ተጫጭነው የሚሽከረከሩ ለስላሳ ሮለሮች ናቸው። በመሀላቸው ያለው ስስ ዘይት በዚያ ከባድ ጫና ለቅጽበት ይጠጥርና ኃይሉን ያሻግራል። ስለዚህ የራሱ ልዩ ዘይት፣ የራሱ ጋንና ማቀዝቀዣ አለው። እዚያ ውስጥ ተራ የሞተር ዘይት ከገባ ሮለሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ዕቃውም ይበላሻል። «ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ አጠገቡ አይድረስ።

የሴንትሪፉጋል ጠባዩ ለሞተርሳይክል ይስማማል። ግፊቱ የሚያድገው በግምት በዙሩ ካሬ ልክ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚሰጥ ከሆነ፣ በ5,000 ዙር ከሩብ ያህሉ አይበልጥም። መንገድ ላይ ዝግ ብላችሁ ስትነዱ የተለመደው ሃያቡሳ ነው። ከ7,000 በላይ ነዳጅ ስትሰጡት ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ይሄ ኃይል ከታች ጀምሮ ድንገት ቢመጣ የኋላ ጎማው አይችለውም ነበር።

አሁን ወደማልስማማበት ነገር ልምጣ። ካርቶኑ ውስጥ ኮምፕሬሽን መቀነሻ ተብሎ ከሲሊንደሩ ብሎክ ሥር የሚገባ የአሉሚኒየም ሳህን አለ። አልገጠምኩትም፤ ማንም እንዲገጥመው አልመክርም። ብሎኩ ከፍ ሲል ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚቀራረብበት ጠባብ ጠርዝ ይሰፋል። ያ ጠባብ ቦታ ድብልቁን ጨምቆ ወደ ካንዴላው የሚገፋ፣ የሚያተራምስና ቶሎ እንዲቃጠል የሚያደርግ ነው። እሱን ማስፋት ማለት ልናመልጠው የምንሞክረውን ኖኪንግ (ድብልቁ ያለ ሰዓቱ መፈንዳት) በሌላ በር መጥራት ነው። በዚያ ላይ ቴስታታው ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ሲርቅ የካምሻፍቱ (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። እሱን ለመመለስ የሚስተካከል የካም ጥርስ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። እኔ ለብቻው አናቱ ዝቅ ያለ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ገዝቼ ኮምፕሬሽኑን ወደ 9 ለ 1 አወረድኩት።

ፋብሪካዎቹም በዚህ ጉዳይ አንድ መልስ የላቸውም። ካዋሳኪ ለ2015ቱ ኒንጃ ኤች2 የመረጠው 8.5 ለ 1 ነበር፤ ፒስተኑም ፎርጅድ ሳይሆን ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ነው። በ2018ቱ ኤች2 ኤስኤክስ ግን ወደ 11.2 ለ 1 ወጡ፤ ግባቸው ከፍተኛ ኃይል ሳይሆን መሀል ላይ ጥሩ ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ ስለነበር። ሁለቱም ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) የላቸውም። እኛ ግን የእነሱ ላቦራቶሪ የለንም። ማፑ (የነዳጁና የእሳቱ ሰንጠረዥ) እስኪስተካከል ሞተሩ ጥቂት ኖኪንግ መቅመሱ አይቀርም፤ ያንን ዱላ የሚችለው ፎርጅዱ ነው።

ፎርጅድ ፒስተን ሲሞቅ በደንብ ያብጣል። ስለዚህ ካሚቻው (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ) የሚሞረደው በፒስተኑ አምራች ወረቀት ላይ ባለው ክፍተት እንጂ በሱዙኪ ማንዋል አይደለም። የፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ግፊት ሲጨመር ሙቀት ይጨምራል፤ ፋሻው ይረዝማል። ሁለቱ ጫፎቹ ከተገናኙ ወዴትም መሄጃ የለውም፤ ካሚቻውን ይነክሳል፣ ፒስተኑ ላይ የፋሻውን መቀመጫ ይሰብራል። ለ81 ሚሊ ሜትር ካሚቻ የላይኛው ፋሻ ክፍተት በእኔ ፒስተኖች ወረቀት ስሌት 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፋሻውን ካሚቻው ውስጥ ታስገቡና በተገለበጠ ፒስተን ቀጥ እስኪል ወደ ታች ትገፉታላችሁ። ከዚያ ፊለር ጌጁን (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) በክፍተቱ ታሳልፋላችሁ። 0.40 ሸርተት ብሎ ያልፋል፣ 0.45 እምቢ ይላል። አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሞረዱን ሁለት ሦስቴ ታስነኩታላችሁ። ከውስጥ ወደ ውጭ ከሞረዳችሁት የፊቱ ሽፋን ይላጣል። ሹል ጠርዙን ታለሰልሱና እንደገና ትለካላችሁ። እያንዳንዱ ፋሻ ለገዛ ሲሊንደሩ ነው፤ አይቀያየርም። ይሄን ሥራ «ፋሻው ተሠርቶ ነው የመጣው» ብሎ የሚዘል ቤት ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቴስታታ ቡሎኖቹን በጠንካራ ስተድ፣ ጓርኒሲዮኑን በብዙ ንብርብር ብረት ቀየርኩ። ፍሪሲዮኑም ጠንከር ያለ ሞላ ይፈልጋል። በእነዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ከኪቱ ያስከፋኝ መያዣ ብረቱ ነው። የሱፐርቻርጀሩ ፑሌጃ ከክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ጋር መስመር አልገባም፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሳስደግፍበት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እንዲህ ቢነዳ ቺንጋው በጠርዙ እየተበላ ጥቁር ዱቄት ይረጫል። በስስ ሮንዴላ አስተካከልኩት። የዘይት ጋኑም የተመደበለት ቦታ ከጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ነው፤ ቀዝቃዛ እንዲሆን የሚፈለግ ዘይት እዚያ ምን ይሠራል? ወደ ፊት አዛወርኩት። አምራቾቹ ስጽፍላቸው በትህትና መልሰዋል፤ ይሄን አልክድም።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ኪቱ ነዳጁን ያስተካክላል፤ እሳቱን አይነካም። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ደህና ነው። መነሻው 3 ባር ነው፤ አየሩ በ0.5 ባር ሲገፋ ነዳጁም ወደ 3.5 ይወጣል፣ ኢንጀክተሩ እኩል መርጨቱን ይቀጥላል። ካንዴላው የሚተኩስበት ሰዓት ግን እንደ ፋብሪካው ይቀራል። በ0.5 ባር የተጨመቀ አየር ከውጭው ይልቅ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ሊሞቅ ይችላል። ኢንተርኩለር በሌለበት ይሄን ሙቀት ይዞ እሳቱን በፋብሪካው ሰዓት መተኮስ ፒስተን መብሳት ነው። ስለዚህ እሳቱን የሚቆጣጠር ዕቃ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ይሄ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረበት።

ዳይኖ (ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ የጀመርነው የእሳቱን ሰዓት በየ0.07 ባሩ አንድ ዲግሪ ወደ ኋላ በመመለስ ነው፤ ጥንቃቄ ያለበት መነሻ ነው። ላምዳውን (የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ልኬት) ሙሉ ግፊት ላይ 0.80 አካባቢ ያዝነው። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር። ከእያንዳንዱ ከባድ ሩጫ በኋላ ካንዴላ ፈትቶ ነጩን ሸክላ በማጉያ መስታወት ማየት የግድ ነው። በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ጥቃቅን ነጥብ ከታየ፣ ወይም የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ካለ፣ ፒስተኑ መበላት ጀምሯልና እዚያው ይቆማል። የእኛ ንጹህ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዲግሪዎቹን አንድ በአንድ መመለስ የጀመርነው፤ ጉልበት መጨመሩን ባቆመበት ቦታ እኛም አቆምን። ከዚያ በላይ መግፋት ትርፉ አደጋ ብቻ ነው።

አሁን ሞተሩ ሲነሳ ልክ እንደ ድሮው ነው። መሀል ላይ ምንም መንተፍተፍ የለም፤ ላይኛው ዙር ላይ ደግሞ የሚገፋው ኃይል ወጥ ሆኖ ይወጣል እንጂ አይዘልም። ለሮትሬክሱና ለአየር ቱቦዎቹ ሥራ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ለመያዣ ብረቱ ግማሽ። አምራቾቹ ያንን ሳህን አውጥተው በቦታው ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ፒስተንና የእሳት መቆጣጠሪያ ቢጨምሩ ዋጋው ይወደዳል፤ እኔ ግን በዚያ ዋጋ ደግሜ እገዛዋለሁ።