ኤክሴል ወይስ ዲጂታል መንትያ?

ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት አለህ እንበል። ሥራውን በኤክሴል መምራት ትችላለህ። ወይም በዲጂታል መንትያ፤ ማለትም የመኪናውን፣ የመጋዘኑንና የመንገዱን ውሎ ኮምፒውተር ውስጥ እግር በእግር በሚከተል ቅጂ።

ኤክሴል ርካሽ ነው፤ ብዙ ሥልጠናም አይፈልግም። ችግሩ፣ የሚያሳይህ ያለፈውን ነው። አስተባባሪዋ ጠዋት "ጋላፊ ደርሷል" ብላ ትሞላለች። ከሰዓት ሹፌሩ ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየረ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን አሁንም ጋላፊ ነው ይላል። እውነቱ ያለው ስልኳ ላይ ነው።

መንትያው ከጂፒኤስና ከሴንሰር መረጃ እየተቀበለ ራሱን ያድሳል። መኪናን ካርታ ላይ ማየትማ ጂፒኤስ ብቻውንም ይበቃል። ልዩነቱ "ቢሆንስ?" ብለህ መጠየቅ መቻልህ ነው። መርከቡ ሁለት ቀን ቢዘገይስ? 20 ኮንቴይነር ወደ ባቡር ቢዞርስ? መጋዘኑ መቼ ይሞላል? አንድም መኪና ሳታንቀሳቅስ ትሞክረዋለህ። 42 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኔዘርላንዱ የሮተርዳም ወደብ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይቢኤም ጋር ወደዚህ ሥራ የገባው፣ የውሃና የአየር ሁኔታ መረጃ አይቶ መርከብ መቼ ቢገባ እንደሚሻል ለማወቅ ነው።

ዋጋው ግን አይቀመስም። ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ደግሞ መንትያውም ዓይኑ ይጠፋል። አሥር መኪና ካለህ፣ እኔ ኤክሴልህን አጥርተህ ያዝ፣ ጂፒኤስ ጨምርበት ነው የምልህ። መቶ መኪናና የራስህ መጋዘን ካለህ ግን፣ ከመጋዘኑ ብትጀምር ይሻላል። እዚያ ቢያንስ ኔትወርክ አለ።